መርፌው ገና ነው፤ ደቂቃዋ ግን በእጃችን ናት

ለካዛንቺስ ስሙን ያወረሰው የጣሊያን ወረራ ነው። የፋሺስቱ መንግሥት ለሠራተኞቹ መኖሪያ የሚሠራ «ኢንቺስ» የተባለ ተቋም ነበረው። ተቋሙ አዲስ አበባ ላይ የሠራቸው ቤቶች በጣሊያንኛ «ካዜ ኢንቺስ»፣ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች ይባሉ ነበር። ጣሊያን ወጣ፤ ስሙ ቀረ። የሸገር ሰው አፉ ላይ አላምጦ ካዛንቺስ አደረገው።

በዚያው ዘመን እዚያው ጣሊያን፣ ቱሪን ከተማ ውስጥ አንዲት ወጣት ሐኪም ከዩኒቨርሲቲ ተባረረች። ሪታ ሌቪ ሞንታልቺኒ ትባላለች። ጥፋቷ አይሁዳዊት መሆኗ ብቻ ነበር። ሙሶሊኒ በ1938 እ.ኤ.አ. ያወጣው የዘር ሕግ እንደ እሷ ያሉትን ከምርምርም ከማስተማርም አገደ። ሪታ ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። መኝታ ቤቷን ላቦራቶሪ አደረገችው። የልብስ ስፌት መርፌ ስላ የቀዶ ጥገና መሣሪያ አደረገች። የዶሮ እንቁላል እየሰበሰበች በውስጡ ያለው ሽል ነርቭ እንዴት እንደሚያድግና እንዴት እንደሚሞት ታጠና ጀመር።

ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ፣ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሄደች። እዚያ ባደረገችው ምርምር የነርቭ ሴሎች እንዲያድጉና በሕይወት እንዲቆዩ የሚያደርግ፣ ሰውነት ራሱ የሚሠራው ፕሮቲን መኖሩን አረጋገጠች። የነርቭ የእድገት ፋክተር ተባለ። በ1986 እ.ኤ.አ. ከስታንሊ ኮኸን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። 103 ዓመት ኖራ በ2012 እ.ኤ.አ. አረፈች። በስተርጅናዋ ለአፍሪካ ወጣት ሴቶች ትምህርት የሚደግፍ ፋውንዴሽን አቋቁማ ነበር።

ይህ ታሪክ ዛሬ ቂርቆስ ውስጥ ለሚኖር፣ ወይም ከካዛንቺስ ተነሥቶ ሌላ ቦታ ለሰፈረ ሰው ምኑ ነው? መልሱ አንድ ቃል ነው፦ ስትሮክ።

*

ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ይሆናል። ጠዋት ነው። አንዲት እናት ቡና ሊያፈሉ ጀበናውን ሲያነሡ ከእጃቸው ያመልጣል። ልጃቸው «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ስትል የሚወጣው ቃል የተኮላተፈ ነው። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ «ምች ነው፣ ዳማከሴ አምጡ» ትላለች። ሌላዋ ስኳር በውሃ በጥብጣ ትመጣለች። «እትዬ ትንሽ ጋደም ይበሉና እናያለን» ይባላል። ጠበል ይረጫል። የሰፈሩ ሽማግሌ «ለክፏቸው ነው» ይላሉ። ቀኑ ይመሻል። በማግሥቱ ታክሲ ተጠርቶ ሆስፒታል ይደርሳሉ። የሐኪሙ የመጀመሪያ ጥያቄ «መቼ ጀመራቸው?» የሚል ነው። መልሱ «ትናንት ጠዋት» ይሆናል።

በዚህ መሐል ማንም ክፉ አላሰበም። ዳማከሴ ያመጣችውም፣ ስኳር የበጠበጠችውም ወደው ነው። ግን «ትናንት ጠዋት» የሚለው መልስ የብዙ ነገር በር ይዘጋል።

አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከምንተነፍሰው ኦክስጅን ግን 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ስንቅ አያስቀምጥም፤ የዕለት ጉርሱን ከደም እየተቀበለ የሚኖር አካል ነው። ደም የሚያደርሰው ቧንቧ በረጋ ደም ሲዘጋ ሴሎቹ በደቂቃዎች ውስጥ ኃይል ያልቅባቸዋል። ጨውንና ካልሲየምን ከውስጥ ወደ ውጭ የሚያወጡት ፓምፖች ይቆማሉ። ካልሲየም ሴሉን ያጥለቀልቀዋል። ያን ጊዜ ሴሉ ራሱን የሚበላ ኬሚካል ያመነጫል። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ የታወቀ ስሌት እንዳለው ትልቅ የደም ቧንቧ ሲዘጋ፣ ሕክምና ካልተገኘ በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች ይሞታሉ። ጎረቤቶች «ምች ነው፣ አይደለም» እያሉ የሚከራከሩባት አንዲት ሰዓት ከ100 ሚሊዮን በላይ ሴሎች ትበላለች።

ሁሉም ግን በአንዴ አይሞትም። በተዘጋው ቧንቧ እምብርት ላይ ያለው ክፍል ወዲያው ይሞታል። በዙሪያው ያለው ደግሞ ከጎን ቧንቧዎች በሚንጠባጠብ ደም ነፍሱን ይዞ ይቆያል፤ አይሠራም፣ ግን አልሞተም። ሐኪሞች ይህንን አካባቢ ፔኑምብራ ይሉታል፤ ግማሽ ጥላ እንደማለት ነው። ስለ ስትሮክ ሕክምና የሚደረገው ሩጫ ሁሉ ለዚህ ግማሽ ጥላ ነው። የሪታ ፕሮቲንም ተስፋ የተጣለበት እዚሁ ነው።

*

የሌላውን አገር ከማውራት በፊት ከራሳችን ታሪክ እንጀምር። በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ ቀድሞም ጤናቸው ሲታወክ የቆየው አፄ ምኒልክ በከባድ ስትሮክ ተመቱ። አካላቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። አድዋ ላይ ጦር የመሩት ንጉሠ ነገሥት አልጋ ላይ ቀሩ። ቤተ መንግሥቱ ውስጥ መርዝ ተሰጣቸው የሚል ወሬ ተናፈሰ። እቴጌ ጣይቱ ሲያስታምሙም ሲያስተዳድሩም ቆይተው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ከሥልጣን ገለል ተደረጉ። ሞግዚት የተባሉት ራስ ተሰማ ናደው በማግሥቱ ዓመት ሞቱ። ልጅ ኢያሱ መጡ። ምኒልክ ያረፉት ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ነው፤ ከአራት ዓመት በላይ የአልጋ ቁራኛ ሆነው ማለት ነው።

ያን ጊዜ ምንም ማድረግ አይቻልም ነበር። የአንጎል ራጅ የለም። የደም ግፊት መድኃኒት የለም። ረጋ ያለ ደም የሚያሟሟ መርፌ የለም። ንጉሡንም ገባሩንም ስትሮክ እኩል ያደርጋቸው ነበር። ዛሬ ከካዛንቺስ ብዙም ሳይርቅ በምኒልክ ልጅ በንግሥት ዘውዲቱ ስም የተሰየመ ሆስፒታል አለ። ከ100 ዓመት በኋላ ጥያቄው ተለውጧል። አባትየው ያጡትን ዛሬ ስንቱ የቂርቆስ ነዋሪ በሰዓቱ ያገኛል? ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

*

ወደ ፕሮቲኖቹ እንመለስ። ሪታ ካገኘችው በኋላ የዚያው ዓይነት ዘመዶቹ አንድ በአንድ ተገኙ። በ1982 እ.ኤ.አ. ባርድና ቶነን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ከአሳማ አንጎል ሌላ ፕሮቲን አወጡ፤ ዛሬ ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. በሚል ምሕጻር ይታወቃል። ሥራው እንዲህ ነው። ፕሮቲኑ በነርቭ ሴሉ ቆዳ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር እንደ ቁልፍና ጓጉንቸር ይገጥማል። ውስጥ ድረስ መልእክት ይሄዳል። መልእክቱ «ራስህን አታጥፋ» የሚል ነው። ሴሉ ራሱን ለማጥፋት ያዘጋጃቸው ኬሚካሎች ይታገዳሉ፤ የሚከላከሉለት ደግሞ ይበረታሉ። ሌሎቹ ዘመዶች አዳዲስ የደም ሥር እንዲበቅል፣ የተቆረጠ የነርቭ ግንኙነት እንዲቀጠል ያግዛሉ።

የሚገርመው ደም ሲቀንስበት አንጎል ራሱ እነዚህን ፕሮቲኖች ማምረት መጨመሩ ነው። ተጎድቶም ራሱን ለማዳን ይታገላል። ታዲያ ሳይንቲስቶች አሰቡ፦ አንጎል የሚያመርተው ካልበቃ እኛ ከውጭ ብንጨምርለትስ? አይጥ ላይ ተሞከረ፤ ብዙ ጊዜ ሠራ። የሞተው የአንጎል ክፍል አነሰ፤ አይጧ ተነሥታ ሄደች።

ከዚያ ወደ ሰው ተመጣ። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ የሚያሳዝነው።

ኢፒኦን የስፖርት ተከታታይ ሁሉ ያውቀዋል። በአትሌቲክስ አበረታች ቅመም ተብሎ የሚያስቀጣው መርፌ ነው። ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው ኩላሊት የሚያመርተው፣ ቀይ የደም ሴል የሚያበዛ የእድገት ፋክተር ነው። የነርቭ ሴሎችንም ከሞት እንደሚከላከል በእንስሳት ላይ ታየ። ጀርመን ውስጥ በጥቂት ሕሙማን ላይ የተደረገውና በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመው የመጀመሪያ ሙከራ ተስፋ ሰጠ። ቀጥሎ 522 ሕሙማን የተሳተፉበት ትልቅ ሙከራ ተደረገ። ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ወጣ። መድኃኒቱ ከተሰጣቸው 16.4 በመቶ ሞቱ፤ የይስሙላ መርፌ ከተወጉት የሞቱት 9 በመቶ ነበሩ። ያድናል የተባለው መርፌ በተሰጠበት ወገን ብዙ ሰው ሞተ። በተለይ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት ጋር አብሮ ሲሰጥ ነገሩ አሳሳቢ ነበር።

ጂ.ሲ.ኤስ.ኤፍ. የተባለው ሌላ የእድገት ፋክተር በ328 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ በ2013 እ.ኤ.አ. ጥቅም አልታየበትም ተባለ። ፋይብሮብላስት የተባለው ፋክተር ሙከራም መሐል ላይ ተቋረጠ። በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዳሰሳ ጥናት እስከዚያ ድረስ ለስትሮክ የተሞከሩ ሕክምናዎችን ቆጥሮ 1,026 አግኝቷል። ከእነዚያ ውስጥ አንጎልን በቀጥታ ይከላከላል ተብሎ በሰው ላይ ያለ ጥርጥር የጸደቀ የእድገት ፋክተር አልነበረም፤ እስካሁንም የተለመደ ሕክምና ለመሆን የበቃ የለም።

ለምን? አንደኛ፣ አንጎል ዘበኛ አለው። በደም ሥሮቹ ግድግዳ ላይ ያለው አጥር ትልልቅ ፕሮቲኖችን አያሳልፍም፤ በክንድ የተወጋው አንጎል አይደርስም ወይም እጅግ ጥቂት ይደርሳል። ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪ ያለችው አይጥ ወጣትና ጤነኛ ናት፤ መርፌውንም የምትወጋው ቧንቧዋ በተዘጋ በደቂቃዎች ውስጥ ነው። የኛ ሕመምተኛ ዕድሜያቸው የገፋ፣ ስኳርና ግፊት ያለባቸው፣ ከአንድ ቀን በኋላ የመጡ ናቸው። ሦስተኛ፣ ፕሮቲኖቹ ሁለት ፊት አላቸው። ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ሴል ያድናል፤ ገና ያልተገራው ጥሬ መልኩ ግን ሌላ ተቀባይ ላይ ሲያርፍ ሴል ይገድላል። የደም ሥር የሚያበቅለው ፋክተርም ቶሎ ከተሰጠ ሥሮቹን አሳስቶ አንጎልን ያሳብጣል። መድኃኒትና መርዝ ልዩነታቸው መጠኑና ሰዓቱ ነው የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል።

ይህ ማለት ግን ሪታ በከንቱ ደከመች ማለት አይደለም። እሷ ያገኘችው ፕሮቲን ለዓይን ብሌን ነርቭ ሕመም ጠብታ ሆኖ በአውሮፓና በአሜሪካ ጸድቋል። ለአንጎልም ምርምሩ ቀጥሏል። መንገዱ አልተዘጋም፤ አላለቀም እንጂ።

*

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ የኛ አነጋገር መነሣቱ አይቀርም። «እኛ ደገኞች ነን፣ ኦክስጅን ማነሱን ለምደነዋል» የሚል። ነገሩ ግማሽ እውነት አለው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች ላይ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ 236 ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን ባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝተውታል። የአንዲስም የቲቤትም ሰው እንደዚያ አይደለም። ይህ የሚያኮራ ግኝት ነው።

ግን ኦክስጅን ማነስና ደም መዘጋት አንድ አይደሉም። ቀጭን አየር የሚተነፍስ ሰው ደሙ ይፈሳል፤ ስኳሩም ኦክስጅኑም መጠኑ ቢያንስም ይደርሳል። ቧንቧው የተዘጋበት ሰው ምንም አይደርሰውም። ደገኝነት ከስትሮክ አያድንም። ምኒልክም አንኮበር፣ እንጦጦና አዲስ አበባ የኖሩ ሰው ነበሩ።

*

ይህ ሁሉ ለምን ይወራል? አንዱ ምክንያት ገንዘብ ነው። አባት ወይም እናት በስትሮክ ሲወድቁ ቤተሰብ ያልሰማውን ይሰማል፣ ያላየውን ያያል። «የአንጎል ሴል የሚያበቅል መርፌ አለ» የሚል ሰው አይጠፋም። ዲያስፖራው ዘመድ ይደወልለታል፤ በሻንጣ ይምጣ ይባላል። ዕቁብ ይወጣል፣ ወርቅ ይሸጣል።

ስለዚህ በግልጽ መነገር አለበት። ሴሬብሮላይሲን ከአሳማ አንጎል የሚዘጋጅ፣ የእድገት ፋክተሮችን ሥራ ይመስላል ተብሎ በምሥራቅ አውሮፓና በእስያ በሰፊው የሚሸጥ መርፌ ነው። ኮክሬን የተባለው የጥናት ገምጋሚ ተቋም ጥናቶቹን ሰብስቦ ሲመዝናቸው በስትሮክ የሚሞተውን ሰው ቁጥር እንደሚቀንስ ማስረጃ አላገኘም። ሲቲኮሊን የተባለው ደግሞ 2,298 ሕሙማን በተሳተፉበትና በ2012 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከይስሙላው መድኃኒት አልበለጠም። ሐኪም ምክንያት ኖሮት ሊያዝ ይችላል፤ ያ የሐኪሙና የሕመምተኛው ጉዳይ ነው። ግን የቤተሰብ ጥሪት ተሟጦ የሚገዛ ተአምር አይደለም። ያው ገንዘብ ለፊዚዮቴራፒ፣ ለግፊት መድኃኒትና ለጥሩ ምግብ ቢውል ይሻላል።

ሁለተኛው ምክንያት ሰዓት ነው። ውጤቱ የተረጋገጠ ሕክምና አለ። የረጋ ደም የሚያሟሟው አልቴፕሌዝ በ1995 እ.ኤ.አ. ጥቅሙ ታየ፤ መጀመሪያ በ3 ሰዓት ውስጥ፣ በኋላ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ ሊሰጥ እንደሚችል ታወቀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ወደ መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ አስገብቶታል። በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በጭን ቧንቧ ገብቶ የረጋውን ደም ጎትቶ የማውጣት ሕክምና ውጤቱ በተከታታይ ጥናቶች ተረጋገጠ። ነገር ግን መጀመሪያ ሲቲ ስካን የግድ ነው። የኛ ሆስፒታሎች ጥናቶች እንደሚያሳዩት እኛ ጋ ከበለጸጉት አገሮች ይልቅ በደም መፍሰስ የሚመጣው ስትሮክ ድርሻው ከፍ ያለ ነው። ደም ለሚፈሰው አንጎል ደም የሚያሟሟ መድኃኒት መስጠት መግደል ነው። ስለዚህ ያለ ሲቲ ስካን ማንም ሐኪም አይደፍርም፤ ሊደፍርም አይገባም። ቤት ውስጥ አስፕሪን መስጠትም ለዚሁ አደገኛ ነው።

ባለሙያው አልጠፋም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ከጀመረ ከ2006 እ.ኤ.አ. ወዲህ የኒውሮሎጂ ሐኪሞች አገር ውስጥ ይሠለጥናሉ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለስትሮክ ተብሎ የተቋቋመ የግል ማዕከልም ከተማዋ ውስጥ ተከፍቷል። የጎደለው ድልድዩ ነው፦ ከካዛንቺስ ጓዳ እስከ ሲቲ ስካን ክፍሉ፣ ከሲቲ ስካኑ እስከ መርፌው፣ ያውም ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው።

*

አሁን ወደሚያከራክረው እንግባ። በ2017 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ዙር ካዛንቺስ ፈረሰ። ብዙ ነዋሪ ወደ ገላን ጉራና ወደሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ሄደ። ሰፈሩ ዛሬ ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመርና መብራት አለው።

ስለ አንጎል የሚያስብ ሰው ይህንን በሁለት ዓይን ማየት አለበት።

በአንድ ዓይን ሲታይ የእግረኛ መንገድ ጤና ጣቢያ ነው። ይህ ማጋነን አይደለም። እነዚያ በመርፌ ሊሰጡ ያልቻሉት ፕሮቲኖች በእግር ጉዞ ይመረታሉ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት 120 በዕድሜ የገፉ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ለአንድ ዓመት በእርምጃ ስፖርት ሠሩ። የማስታወስ ሥራ የሚሠራው የአንጎላቸው ክፍል 2 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ጭማሪው በደማቸው ውስጥ ካለው ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ከፍ ማለት ጋር ተያይዞ ታየ። አጥሩ የሚከለክለውን ፕሮቲን አንጎል ራሱ ውስጥ ሆኖ ያመርተዋል። መራመድ ግፊትንም ስኳርንም ይቀንሳል። ስለዚህ ጠዋት ከኡራኤል እስከ መስቀል አደባባይ በእግሩ የሚሄድ ጡረተኛ የሪታን ፕሮቲን ዘመድ በነፃ እየወሰደ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም።

በሌላው ዓይን ሲታይ ግን፣ በዚያ መንገድ የሚራመደው ማን ነው? ግፊቱ የከፋበት ጡረተኛ አሁን እዚያ የለም። እሱ ተነሥቷል። ከእሱ ጋር የተነሣው ቤቱ ብቻ አይደለም። «እትዬ ዛሬ አልወጡም፣ ምነው?» ብላ በር የምታንኳኳው ጎረቤት፣ ወር በወር ግፊቱን የሚለካለት ጤና ጣቢያ፣ መድኃኒት በዱቤ የሚሰጠው ፋርማሲ፣ እድሩ፣ ሁሉም ተበትኗል። ስትሮክን መጀመሪያ የሚያየው ጎረቤት ነው። አዲስ ሰፈር ውስጥ፣ ሰው ሰውን በማያውቅበት አፓርታማ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት ጠዋት ጀበናው ከእጃቸው ቢወድቅ የሚሰማው ማን ነው? ከዚያስ ሲቲ ስካን እስካለበት ስንት ደቂቃ ይወስዳል?

ልማቱን የሚደግፍም የሚቃወምም ይህንን ጥያቄ ሊያልፈው አይገባም። ሰው ሲነሣ የቤት ቁጥሩ ይመዘገባል፤ የግፊት ካርዱም አብሮ መመዝገብ ነበረበት። የማኅበረሰብ ጤና መድኑ፣ የቀጠሮ ደብተሩ፣ የመድኃኒቱ ስም ከአዲሱ ወረዳ ጤና ጣቢያ መድረስ ነበረበት። ይህ ቢሊዮን ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰውን ከነሕመሙ መቁጠር ነው።

*

«ደሃ አገር ስለ እድገት ፋክተር ምን አስጨነቃት? መጀመሪያ ወባና ቲቢ ይለቁን» የሚል ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ግን ጊዜው ያለፈበት ነው። ስትሮክ በዓለም ላይ ከዋነኞቹ የሞት ምክንያቶች አንዱ ነው። ዕድሜያቸው ከ25 በላይ ከሆኑ አራት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ እንደሚገጥመው ይገመታል። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገ ብሔራዊ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ገደማ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። ስትሮክ የሀብታም በሽታ አይደለም፤ የደሃውን ቤት ደግሞ ሁለት ጊዜ ይመታል። መጀመሪያ የሚሠራውን ይጥላል፤ ቀጥሎ እሱን ለማስታመም ልጁን ከሥራ ወይም ከትምህርት ያስቀራል።

እና ርካሹ መከላከያ ምን እንደሆነ ይታወቃል። 32 አገሮችን ያካተተ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው ከስትሮክ ጫና 90 በመቶ ያህሉ ሊቀየሩ ከሚችሉ 10 መንስኤዎች ጋር የተያያዘ ነው፤ ቀዳሚው የደም ግፊት ነው። የላይኛውን የግፊት ቁጥር በ10 ዝቅ ማድረግ ብቻ የስትሮክን አደጋ በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። አንድም የእድገት ፋክተር እስካሁን ይህንን አላደረገም። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ወይም አንድ ጊዜ፣ የምትዋጥ ትንሽ ክኒን ግን ታደርገዋለች። ችግሩ ግፊት አለማመሙ ነው። ሰው «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ ክኒኑን ይተዋል። ጠበል ሲጀምር ይተዋል። ሽፈራውና ነጭ ሽንኩርት ሲጀምር ይተዋል። ሽፈራውም ይጠጣ፣ ጠበሉም ይቅጠል፤ ክኒኑ ግን አይቋረጥ። ይህንን ከመድረክ ሊናገሩ የሚገባቸው የሃይማኖት አባቶች ናቸው፤ የእነሱ አንድ ቃል ከአሥር ፖስተር ይበልጣል።

እድር ሌላው ያልተጠቀምንበት ኃይል ነው። እድር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቅላል። በክንድ ላይ የሚታሰር አንድ የግፊት መለኪያ ከአንድ ድንኳን ይረክሳል። በወሩ ስብሰባ ላይ ዕድሜው ከ30 በላይ የሆነ ሁሉ ክንዱን ቢዘረጋ፣ የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ አጠገብ ብትቀመጥ፣ ስንት ድንኳን ሳይተከል ይቀራል? የተነሡ እድሮች በአዲሱ ሰፈር ሲቋቋሙ የመጀመሪያ አጀንዳቸው ይህ ቢሆን ምን ይከፋል?

ከመንግሥት የሚጠበቀውም ግልጽ ነው። በየአቅጣጫው ቢያንስ አንድ የመንግሥት ሆስፒታል ሌት ተቀን የሚሠራ ሲቲ ስካን፣ አልቴፕሌዝና የሚሰጠው ባለሙያ ይኑረው። አምቡላንሱ የትኛው ሆስፒታል ዝግጁ እንደሆነ አውቆ ይሂድ እንጂ ሕመምተኛ ይዞ በር ለበር አይንከራተት። ከዚያም ፊዚዮቴራፒ የጤና መድኑ ውስጥ ይግባ። የተረፈው አንጎል አዲስ መንገድ የሚቀይሰው በተደጋጋሚ ልምምድ ነው፤ የእድገት ፋክተሮቹም ሥራቸውን የሚሠሩት በዚያ ጊዜ ነው። እርግጥ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን ሕመምተኛን በግድ ብዙ ማንቀሳቀስ እንደሚጎዳ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ትልቅ ጥናት አሳይቷል። ስለዚህ ልምምዱ በባለሙያ ይመራ። ግን «ሽባ ሆነዋል፣ በቃ» ተብሎ ጥግ ላይ ማስተኛት ሁለተኛ ስትሮክ ነው።

*

እስከዚያው ድረስ ይህንን አንብቦ የጨረሰ ሁሉ አራት ነገር ይያዝ።

ፊት፦ ፈገግ ይበሉ ሲባሉ አንዱ ጎን ወደቀ? ክንድ፦ ሁለቱን ሲያነሡ አንዱ ዝቅ አለ? ንግግር፦ ቃሉ ተኮላተፈ? አንዱ እንኳ ካለ አራተኛው ሰዓት ነው። ሰዓቱ ይታይና ይጻፍ። ምግብም ውሃም ቡናም በአፍ አይሰጥ፤ መዋጥ አቅቷቸው ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። 907 የቀይ መስቀል አምቡላንስ ነው፤ 939 ደግሞ የከተማዋ የእሳትና አደጋ ሥራ አመራር። አምቡላንስ ከዘገየ የተገኘው መኪና ይያዝና ወደ ትልቅ ሆስፒታል ይኬድ።

ሪታ በመኝታ ቤቷ፣ በስፌት መርፌና በእንቁላል ዓለምን የቀየረ ነገር ጀመረች። ያላትን ይዛ ነው የጀመረችው። እኛም ያለን ነገር አለ፤ በር የምታንኳኳ ጎረቤት፣ እድር፣ የግፊት መለኪያ፣ ሰፊ መንገድና ሁለት እግር። የሴል ማዳኛው መርፌ አንድ ቀን ይመጣል። ሲመጣም የሚጠቅመው በሰዓቱ ለደረሰ ሰው ነው።

የእናት ጀበና በወደቀባት ደቂቃ ዳማከሴ ፍለጋ ሳይሆን ስልክ ይነሣ።

ቸር ያሰማን።